ሳይቃጠል በቅጠል፦ ስለ ካሪት ሒሙም እና ስለ ተበላሸ የቤት ዕቃ

የዛሬው ክፍል በጽሑፍ ይኸው። ማዳመጥ ለማይመቸው፣ ወይም ከእናቱ ጋር ቁጭ ብሎ ማንበብ ለሚፈልግ ነው ያስቀመጥነው።

ክረምት ገብቷል። የእየሩሳሌምና የጽፋት ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ በየቤታችንም አንድ ዕቃ ከቁም ሳጥን ይወጣል፦ ካሪት ሒሙም። በአማርኛ የማሞቂያ ትራስ ልንለው እንችላለን፤ ቤት ውስጥ ግን ትልልቆቹም "ካሪት" ነው የሚሉት፣ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ለወገብ፣ ለጉልበት፣ ለትከሻ፣ ለወር አበባ ሕመም ሁሉ ይሆናል። ዋጋውም ብዙ አይደለም።

ታዲያ ስለ ካሪት ምን የሚወራ አለ? አለ እንጂ። በየቤታችን ካሪት አብዝተው የሚጠቀሙት ትልልቆቻችን ናቸው። ከሳጥኑ ጋር የሚመጣው ወረቀት ግን በዕብራይስጥ፣ ያውም በደቃቅ ፊደል ነው የተጻፈው። ከቢቱሕ ሌኡሚ ደብዳቤ ሲመጣ የምናነበው እኛ ነን፣ ቁፓት ሖሊም ሲሄዱ አብረን ገብተን የምናስተረጉመውም እኛ ነን። ይህችን ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ ከሳጥኑ ጋር እንጥላታለን። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ነገር እናያለን። አንደኛ፣ ካሪት ሰው ሳይጎዳ እንዴት ይያዛል? ሁለተኛ፣ ዕቃው ሲበላሽ ከሻጩ ጋር ምን ይደረጋል?

ውስጡ ምን አለ?

በጨርቁ ውስጥ ቀጭን ሽቦ እየተጠማዘዘ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይሞቃል። ሙቀቱ ከልክ እንዳያልፍ የሚቆጣጠር ክፍልም አለው። በአሮጌዎቹ ውስጥ ትንሽ ቴርሞስታት ናት ይህን የምትሠራው፤ በብዙዎቹ አዳዲሶች ግን ሽቦው ራሱ ሙቀቱን እየለካ በእጅ ለምንይዘው መቆጣጠሪያ ያሳውቃል። ከ90 ደቂቃ ገደማ በኋላ በራሳቸው የሚጠፉም ብዙ ናቸው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሽቦው ጤነኛ ሲሆንና ሙቀቱ መውጫ ሲያገኝ ነው። ካሪቱን አራት ቦታ አጥፈን መሳቢያ ውስጥ ስንከተው ሽቦው እጥፋቱ ላይ ይሳሳል፣ እየቆየም ይሰበራል። የሳሳው ቦታ ደግሞ ከሌላው በላይ ይግላል። በርቶ እያለ ከተጣጠፈ ሙቀት በሙቀት ላይ ይደራረባል። ከላዩ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም የሰው ክብደት ሲያርፍበት ሙቀቱ መውጫ ያጣል። እሳት የሚነሳው እንዲህ ነው፤ ድንገት የሚመጣ ነገር አይደለም፣ ቀስ በቀስ ሲዘጋጅ የቆየ ነው።

የማያቃጥል የሚመስል ሙቀት

"እጄን ሳሳርፍበት አያቃጥልም፣ ስለዚህ ምንም የለውም" የሚል ሰው ብዙ ነው። ቆዳን የሚያቃጥለው ግን የሙቀቱ መጠን ብቻ አይደለም፤ ቆይታውም ነው። በ1947 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሞሪትዝ እና ሄንሪከስ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ይህንን ለክተውታል። 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ቆዳ ለመቃጠል 5 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። 49 ዲግሪ ላይ ወደ 10 ደቂቃ ይፈጃል። 44 ዲግሪ ላይ ደግሞ 6 ሰዓት ያህል። 44 ዲግሪ እኮ ትኩስ ሻወር ከሚባለው ብዙም አይርቅም! በዚህ ሙቀት ላይ 20 ደቂቃ መቆየት ሌላ ነገር ነው፤ ተኝቶ ማደር ሌላ ነው። ካሪት ላይ ለሚያድር ሰው 6 ሰዓቱ ሳያውቀው ይሞላል።

ጤነኛ ሰው ሲበዛበት ይገላበጣል፣ ወይም ይነቃል። ሰውነቱ ይነግረዋል። የስኳር ሕመም የእግሩን ነርቭ ያደነዘዘው ሰው ግን ይህ መልእክት አይደርሰውም። እየተቃጠለም "ደስ የሚል ሙቀት ነው" ሊል ይችላል። ይህ ለእኛ ማኅበረሰብ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በመጡ ሰዎች ላይ ስኳር መብዛቱን ሐኪሞች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ጽፈውበታል። ከመካከላችን አጎት ወይም አያት ስኳር የሌለበት ስንት ሰው አለ? ስለዚህ ይህን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ስኳር ላለበት ሰው እግር ላይ ካሪት አይደረግም። እግር ላይ የወጣች ትንሽ ቃጠሎ አልድን ብላ ወደ ከባድ ቁስል ልትዞር ትችላለች። እግር ከበረደ ወፍራም ካልሲ ይደረጋል።

የእንቅልፍ መድኃኒት የወሰደ ወይም መጠጥ የጠጣ ሰውም ሙቀቱ ሲበዛ ቶሎ አይነቃም። ሕፃን ልጅ ደግሞ መናገርም መነሳትም አይችልም። ለከባድ ሕመም ፌንታኒል የሚባለውን መድኃኒት በቆዳ ላይ በሚለጠፍ መልክ የሚጠቀም ሰው ካለ፣ በላዩ ካሪት አታድርጉበት። ሙቀቱ መድኃኒቱ በብዛት ወደ ሰውነት እንዲገባ ያደርጋል፤ ይህ ለሕይወት ያሰጋል።

ሌላም ምልክት አለ። በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ ካሪት የሚያደርግ ሰው ቆዳው ላይ እንደ መረብ ያለ ቀላ ወይም ጠቆር ያለ መስመር ሊወጣበት ይችላል። ሐኪሞች ኤሪቴማ አብ ኢግኔ ይሉታል። ድሮ ምድጃ አጠገብ ረጅም ጊዜ በሚቀመጡ ሰዎች እግር ላይ የሚወጣው ዓይነት ነው። በእናታችሁ ወገብ ላይ ይህን ካያችሁ ካሪቱ ይቁም፣ ለሐኪምም ይታይ። ያን ያህል ሙቀት የሚፈልግ ሕመም ራሱ መመርመር አለበት አይደል?

እንዴት እንጠቀምበት?

ካሪቱን ከሰውነት በላይ አድርጉት፣ አትተኙበት። በባዶ ቆዳ ላይ አይሁን፤ መካከሉ ጨርቅ ይግባ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ከተጠቀማችሁ በኋላ አጥፉና ቆዳውን እዩ። እንቅልፍ ከመጣባችሁ ከሶኬቱ ንቀሉት። አልጋ ማሞቅ ከሆነ የተፈለገው፣ ከመተኛት በፊት አሙቁና ስትገቡ ንቀሉ።

የሚያቃጥል ቅባት ተቀብቶ በላዩ ካሪት አይደረግም። ጨርቁ እርጥብ ከሆነ፣ ወረቀቱ በግልጽ እስካልፈቀደ ድረስ አይሰካም። በመርፌ ቁልፍ አንሶላ ላይ ማያያዝ አይቻልም፤ መርፌው ሽቦውን ሊወጋው ይችላል። የሚሰካው ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ነው፣ ሦስት ማሞቂያ በተሰካበት ማከፋፈያ ላይ አይደለም። ሲቀመጥም ከቀዘቀዘ በኋላ ሳይታጠፍ ይዘርጋ ወይም ላላ ተደርጎ ይጠቅለል፤ ከላዩ ከባድ ነገር አይጫንበት።

ስለ ሻባት

ሻባት በሚጠበቅበት ቤት ማብሪያ አይነካም። ስለዚህ አንዳንዱ ዓርብ ማታ ካሪቱን አብርቶ ይተወዋል፤ ሌላው ከሸዖን ሻባት ጋር ያገናኘዋል። ሁለቱም ደህና አይደሉም። ካሪት ለ25 ሰዓት እንዲበራ የተሠራ ዕቃ አይደለም። ሸዖን ሻባቱ ደግሞ ሰዓቱ ሲደርስ ካሪቱ የት እንዳለ አያይም፤ ብርድ ልብስ ሥር ተጣጥፎ ቢሆንም ያበራዋል። ቁልፍ ተጭኖ የሚበራው አዲሱ ዓይነት ከሆነ ደግሞ፣ ኤሌክትሪክ ስለተመለሰለት ብቻ በራሱ ላይበራ ይችላል፤ እንግዲህ ጥቅምም የለውም።

በጎንደር አያቶቻችን ሰንበት ከመግባቱ በፊት እሳቱን ያጠፉ ነበር። እኛም ካሪቱን ሻማ ከመለኮሱ በፊት መንቀል እንችላለን። በምትኩ በጨርቅ የተሸፈነ የላስቲክ የሙቅ ውኃ መያዣ፣ ባክቡክ ሓም የሚባለው፣ ይሆናል። የፈላ ውኃ ግን አይደረግበትም፣ እስከ አፉም አይሞላም፣ ስኳር ላለበት ሰው እግርም አይሆንም። አሞላሉን በተመለከተ ቄሳችሁን ወይም ራባችሁን ጠይቁ። ጭስ ወይም እሳት ካያችሁ ግን ጥያቄ የለም። ፒኩዋሕ ነፌሽ ነው፤ ነፍስ ለማዳን ሻባት ይሻራል።

ከአሜሪካ የመጣ ስጦታ

አሜሪካ ያሉ ዘመዶች ሻንጣቸው ውስጥ ካሪት ይዘው ይመጣሉ። እግዜር ይስጣቸው፣ ግን ከመሰካቱ በፊት ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የአሜሪካ ቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ነው፣ የእስራኤል 230 ቮልት። ከሶኬታችን ጋር እንዲገጥም የምንገዛው ትንሽ አስማሚ የስፒናውን ቅርጽ ብቻ ነው የሚቀይረው፤ ቮልቱን አይነካም። ቮልቱ ወደ እጥፍ ሲጠጋ ሙቀቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፣ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። በአሜሪካ 50 ዋት የሚስበው ካሪት እዚህ 180 ዋት ገደማ ሊስብ ይሞክራል ማለት ነው። ጽሑፉ 120 ብቻ የሚል ከሆነ አትሰኩት።

ሲበላሽ ምን ያሳያል?

ቡናማ ወይም ጥቁር ቦታ ጨርቁ ላይ ከወጣ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ከሸተተ፣ አንዱ ቦታ ግሎ ሌላው ከቀዘቀዘ፣ መቆጣጠሪያው ወይም ስፒናው ከጋለ፣ ገመዱ ሲነካ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ፣ ያ ካሪት አለቀለት። በኢዞሊርባንድ፣ ትልልቆቹ ናስትሮ በሚሉት፣ አይጠቀለልም። ሰፈር ውስጥ እጁ የሚሠራ ልጅም አይጠግነውም። ሽቦው ከውስጥ ስለሆነ የት እንደሳሳ ከውጭ አይታይም።

"መምሳር ፐሐት አለን እኮ" የሚል አለ። በኤሌክትሪክ ሰሌዳው ላይ ያለችው ያቺ ማቋረጫ በጣም ጠቃሚ ናት። የወጣውን ኤሌክትሪክና የተመለሰውን እያነጻጸረች፣ ልዩነቱ 30 ሚሊአምፔር አካባቢ ሲደርስ ታቋርጣለች። ኤሌክትሪክ በሰው በኩል ወደ መሬት ሲሄድ የምታድነው በዚህ ነው። ከልክ በላይ የጋለ ካሪት ግን የወሰደውን ኤሌክትሪክ በሙሉ እየመለሰ ሊግል ይችላል፤ እሷ ምንም ልዩነት አታይም። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ የመሞከሪያ ቁልፏን ተጫኑ፣ ካሪቱን መጠበቅ ግን ለእሷ አትተዉላት።

ጭስ ከወጣ ስፒናውን ንቀሉ። ስፒናው ጋ መድረስ ካልተቻለ ከሰሌዳው አጥፉ። ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ ውኃ አይደፋበትም። እሳቱ ከተያያዘ ሰዎቹን ይዛችሁ ውጡ፣ የክፍሉን በር ዝጉ፣ 102 ደውሉ። እሳት አደጋ ነው። ለተጎዳ ሰው 101 ነው። ቆዳ ከተቃጠለ ቀዝቀዝ ባለ የቧንቧ ውኃ ሥር 20 ደቂቃ ይያዝ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል አይቀባም። ስኳር ያለበት ሰው ከሆነ ቃጠሎው ትንሽም ቢሆን ለሐኪም ይታይ።

ከሻጩ ጋር

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንምጣ። ባለፈው ክረምት አንድ ሻጭ አያቴ ጋ ስልክ ደውሎ ካሪት ሸጠላቸው። በሦስተኛው ሳምንት ቡናማ ቦታ ወጣበት፣ ይሸትም ጀመር። አያቴ "ምን አለበት ልጄ፣ በሌላው በኩል አዙሬ እጠቀምበታለሁ፤ ሰው አታስቸግር" አሉኝ። "የለም እማማ፣ ይሄስ አይሆንም፤ ይተዉልኝ" ብዬ ነቀልኩት። ለሻጩ ስደውል "14 ቀን አልፏል፣ ደግሞ ተጠቅማችሁበታል" አለና ሊዘጋው ፈለገ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤተሰብ የሚተወው።

ሕጉ ግን ሌላ ነው። በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ፣ ሖቅ ሃጋናት ሃጻርካን፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተገዛን ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይፈቅዳል። ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው፣ ለአካል ጉዳተኛ፣ እና ተዑዳት ዖሌ ካገኘ 5 ዓመት ላልሞላው አዲስ ገቢ ደግሞ፣ ግዢው ከሻጩ ጋር በመነጋገር ከተፈጸመ ጊዜው 4 ወር ነው። ይህ ሕግ በቀጥታ ለእኛ ቤተሰቦች የተጻፈ ይመስላል! የሚሰረዘው በብልሽት ምክንያት ከሆነ ደግሞ የመሰረዣ ክፍያ የለም፤ ገንዘቡ በሙሉ በ14 ቀን ውስጥ ይመለሳል፣ ዕቃውን የሚወስደውም ሻጩ በራሱ ወጪ ነው።

ይህንን በስልክ አልተከራከርኩም፣ በጽሑፍ ላክሁት። አጭር ነበር፦ የገዙት ሰው ስምና ዕድሜ፣ የተገዛበት ቀን፣ ዋጋው፣ ብልሽቱ ምን እንደሆነ፣ ፎቶው፣ የሕጉ ስም፣ እና "ግዢው ተሰርዟል፣ ገንዘቡን በ14 ቀን ውስጥ እንድትመልሱ" የሚል ዓረፍተ ነገር። ስድብ የለም፣ ልመናም የለም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ገንዘቡ ካርዳቸው ላይ ገባ፣ መልእክተኛም መጥቶ ካሪቱን ወሰደ።

ከሱቅ የተገዛ ከሆነስ? ሐሳባችንን ስለቀየርን ብቻ ከሆነ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ወደ ሶኬት ከተሰካ በኋላ መመለስ አይቻልም። ብልሽት ግን ሐሳብ መቀየር አይደለም። "ዕቃ አይመለስም" የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፉ የተበላሸ ዕቃ የሸጠን ሰው ነፃ አያወጣውም። ብልሽቱን እንዳያችሁ ሳትቆዩ አሳውቁ።

ስለ አሕራዩት፣ ማለትም ዋስትና፣ ይህን እወቁ። በ2006 በወጣው ደንብ መሠረት ከ400 ሸቀል በላይ የሆነ የኤሌክትሪክ፣ የኤሌክትሮኒክስ ወይም የጋዝ ዕቃ የ1 ዓመት ዋስትና አለው። ማቀዝቀዣው፣ ልብስ ማጠቢያው፣ ምድጃው እዚህ ውስጥ ይገባሉ። በዚያ ዓመት ውስጥ ጥገናው በነፃ ነው፤ መጠገን ካልተቻለ ሌላ ዕቃ ይሰጣል ወይም ገንዘቡ ይመለሳል። ካሪት አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ከዚያ በታች ስለሆነ፣ አምራቹ ራሱ ምን ዋስትና እንደሰጠ ተዑዳት አሕራዩቱ ላይ አንብቡ።

ስለዚህ ማንኛውም ዕቃ ሲበላሽ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ንቀሉ። ፎቶ አንሱ፤ የተቃጠለውን ቦታ፣ የሞዴል ቁጥሩን፣ ስፒናውን። ዕቃውን አትጣሉ፣ ማስረጃችሁ እሱ ነው። ደረሰኙ ከጠፋ የክሬዲት ካርድ ዝርዝሩን አውጡ። ከዚያ ጻፉ። ሻጩ እምቢ ካለ ለሸማቾች ጥበቃና ለፍትሐዊ ንግድ ባለሥልጣን አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። የመጨረሻው በር ተቪዖት ክታኖት ነው፤ ትንንሽ ክሶች የሚታዩበት ፍርድ ቤት። ጠበቃ አያስፈልግም፣ የማስከፈቻው ክፍያም ከተጠየቀው ገንዘብ 1 በመቶ አካባቢ ነው።

ሰው ከተጎዳ ደግሞ ነገሩ ከዕቃው ዋጋ በላይ ነው። ከ1980 ጀምሮ ያለው የተበላሹ ምርቶች ኃላፊነት ሕግ፣ በተበላሸ ምርት ምክንያት አካሉ ለተጎዳ ሰው አምራቹ እንዲክስ ያስገድዳል። ጉዳቱ የዚያኑ ቀን በሐኪም ይመዝገብ፣ ዕቃውንም ለማንም አታስረክቡ፤ መጀመሪያ ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክሩ።

እንዴት እንንገራቸው?

አያቴ "ሰው አታስቸግር" ሲሉኝ ከልባቸው ነው። ብዙዎቹ ትልልቆቻችን መጠየቅን እንደ ማስቸገር ይቆጥሩታል፣ ገንዘብ የተከፈለበትን ዕቃ መጣልም እንደ ብክነት። ስለዚህ "ይሄ አደገኛ ነው፣ አትንኪው" ብሎ መንጠቅ አይሠራም። ከጀርባችሁ አውጥተው ይሰኩታል! እኔ ያየሁት የሚሠራው ሌላ ነው። አብራችሁ ቁጭ በሉ፣ ቡናው ይፈላ፣ ካሪቱን ብርሃን ላይ ዘርግታችሁ ቡናማውን ቦታ አሳዩአቸው። "እጅዎን እዚህ ያድርጉ፤ አሁን ደግሞ እዚህ" በሉ። ልዩነቱን ራሳቸው ያገኙታል። እሳት ምን እንደሆነ ከእኛ የተሻለ ያውቃሉ፤ በምድጃ ያደጉ ናቸው። የማያውቁት እሳቱ ጨርቅ ውስጥ መደበቁን ነው። በመጨረሻም በአማርኛ በትልቁ ጽፋችሁ መቆጣጠሪያው ላይ ለጥፉ፦ "20 ደቂቃ። ሲተኙ ይንቀሉ።" ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ስልካቸው ላይ ደወል ሙሉላቸው።

በሉ፣ ለዚህ ሳምንት ሥራ ልስጣችሁና ልጨርስ። ወላጆቻችሁ ወይም አያቶቻችሁ ቤት ስትሄዱ ካሪቱን ከመሳቢያ አውጡት። እጥፋቱን፣ ገመዱን፣ ከጀርባው የተጻፈውን ቮልት እዩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ያገኛችሁትን ንገሩን፣ ጥያቄ ካላችሁም ላኩልን፤ በሚቀጥለው ክፍል እንመልሳለን።

እስከዚያው ሙቀት አይለያችሁ። ቸር ሰንብቱ፣ ሻባት ሻሎም!